ካርታ ከመገለጡ በፊት

አንዳንዱ ሰው እባብ ይፈራል፣ አንዳንዱ ገደል ይፈራል፤ እሷ ደግሞ የምትፈራው ካርታ ነበር። አትሳቁባት። አንድ እፍኝ የማትሞላ ወረቀት አንድ ቤት እንዴት እንደምታፈርስ በልጅነቷ ያየች ሰው ናት። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር በነበሩ ጊዜ ደመወዛቸው በካርታ ሄደ፤ ቀጥሎ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ሄደ፤ መጨረሻ ላይ የተኙበት አልጋ እንኳ አልቀረም። እናቷ ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሰሙት ሁልጊዜ ጎረቤቱ ከሰማው በኋላ ነበር። «መበላቱስ ይሁን፤ እኔን የጨረሰኝ መደበቁ ነው» እንዳሉ ነው ዓይናቸውን የከደኑት።

ከቀብር መልስ አባቷ «ከእንግዲህ ካርታ ብነካ እጄን ይቁረጠው» ብለው ማሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። አሁን ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። እሷ ግን ዛሬም የአባቷ ዝምታ ሲረዝም ምን ደብቀው ይሆን ብላ ትሰልላለች። ለራሷም አንድ ነገር ምላለች፤ ካርታ ነክ ነገር የሚደብቃትን ወንድ፣ ወርቅ ቢያነጥፍላት እንኳ አታገባም።

ሥራዋ መነጽር መሥራት ነው። ከአንድ መነጽር ቤት ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የመነጽር መስታወት ትሞርዳለች፣ ጠርዙን ታለሰልሳለች፣ ፍሬም ውስጥ ታስገባለች። መሞረጃው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ያመመው ቀን ሥራ የለም። እንዲህ ባመመው ቀን ነው ጠጋኙ የመጣው። ሠፈሩ በሙሉ «ጠጋኙ» ነው የሚለው። ስልክ ይጠግናል፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ምላሱ ጣፋጭ ስለሆነም የተጣላ ባልና ሚስት ይጠግናል እየተባለ ይቀለድበታል።

ጠረጴዛው ሥር ተንጋሎ ገመድ ሲነቃቅል ስልኩን መሥሪያዋ ላይ ትቶት ነበር። ስልኩ በራ። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ በላዩ ሁለት ካርታ።

ክው አለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?» ብሎ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። «እሱማ ፖከር ነው፣ በኢንተርኔት። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ በሳንቲም ነው የምጫወተው፤ ለመዝናናት ያህል።»

«አባቴም ለመዝናናት ያህል ነበር የሚለው።» እጇ ላይ የነበረውን መስታወት አስቀመጠች። «እባክህ ሥራህን ጨርስና ሂድልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አያት። ከቁጣዋ ሥር ያለው ፍርሃት ሳይታየው አልቀረም። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና ሥራውን ጨርሶ ወጣ።

በማግስቱ ግን ተመለሰ። ዓይኑን እያመመው እንደሆነ ነገራት። እንደ ደንቡ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ቢያቆሙት ትንሿን ፊደል ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ አነበበ።

«ዓይንህ ከኔም ይሻላል» አለችው እየገላመጠችው።

«እንግዲያው ትናንት ያየሁት ልክ ነው ማለት ነው።»

«ምን አየህ ደግሞ?»

«የምታምር ሰው ስትፈራ። እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ነገረኛ!» አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት፤ እሱም አየባት።

ፍቅር እንዲህ ነው የገባው፤ በጓሮ በር። ከሥራ ሲሸኛት፣ ሲቀልድባት፣ ስትስቅ ዝም ብሎ ሲያያት። እሷ ግን በሳቋ መሐል እንኳ ትፈራ ነበር። ስልኩን ባወጣ ቁጥር ዓይኗ እጁ ላይ ይተከላል። እሱም ይህን ልብ ብሎት ኖሮ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆመ።

«ከነጭራሹ ልተወው» አላት። «ካንቺ አይበልጥብኝም።»

«ለኔ ብለህ አትተው። ለኔ ብለህ ከተውክ አንድ ቀን ተደብቀህ ትጫወታለህ።» ወደሱ ዞረች። «ይልቅ አስተምረኝ።»

«ምኑን?»

«ካርታውን ነዋ። እማዬ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚደረግ ሳታውቅ ነው የሞተችው። እኔ ግን የምፈራውን ነገር ዓይን ዓይኑን ልየው።»

ትምህርቱ በምሳ ሰዓት፣ በዚያችው ጠባብ ክፍል፣ አንድ እጅ ላይ ዳቦ ይዞ ነበር። እንዲህ ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ካርታ ይታደላል። መሐል ላይ ምንም ካርታ ሳይገለጥ ገና አንድ ነገር መወሰን አለበት፤ ካርታውን ይጣል፣ የተያዘውን ገንዘብ ይከተል ወይስ ይጨምር? የመጀመሪያው ወንበር ላይ ያለው ከሁሉ በፊት ስለሚናገር የሌላውን ሐሳብ አያውቅም፤ ስለዚህ በጠንካራ ካርታ ብቻ ነው መግባት ያለበት። የመጨረሻው ወንበር የሁሉንም ስላየ ትንሽ ሊዳፈር ይችላል። ከየትኛው ወንበር የትኛው ካርታ እንደሚጣልና እንደማይጣል በቀለም የተለየ ሠንጠረዥ አለ፤ ያንን በቃል መያዝ ነው ሙያው።

እሷ ሠንጠረዡን እንደ ጉድ ያዘችው። ይዛም አልቀረች፤ የእሱን ሕመም አገኘችበት። ጠጋኙ አስን፣ የካርታዎቹን ሁሉ የበላይ፣ መጣል አይችልም ነበር።

«የመጀመሪያ ወንበር» ትለዋለች እንደ አስተማሪ ጣቷን ቀስራ። «አስና አራት፣ ዘራቸው የማይገጥም፤ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር።»

«እ… ልግባ?»

«የምን ልግባ ነው! ይጣል!»

«አስ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ። አስ አንጀት ይበላል።»

«አንጀትህን ይብላና ይጣል። ካንተ ኋላ ያለው አስና ንጉሥ ቢይዝስ? መሐል ላይ ሌላ አስ ሲገለጥልህ ጮቤ ትረግጣለህ፤ ያኔ ነው ጉድህ የሚፈላው።»

«ኧረ ተይኝ፣ አንቺን አግብቶ መከራከርማ አለቀ።»

«ማን ያገባሃል?» ትላለች፤ ፊቷ ግን ቀልቷል።

ቀስ በቀስ የራሳቸው ደንብ አበጁ። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ብቻ፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ብቻ። ገንዘብ መጨመር ሲገባው ሞላ ያለ ቁጥር ሲያይ እንደሚሞቀው ስላወቀች፣ የሚጨምረው ሁልጊዜ ከመነሻው ውርርድ ሦስት እጥፍ ጥቂት ጎደል ያለ እንዲሆን ወሰነችበት። ይህን የሚያደርግ ሌላ ተጫዋች የለም። «ይቺ የኛ ልክ ናት» ይባባላሉ።

አንድ ቀን ዳቦዋን እንደያዘች ማኘኳን አቆመች።

«አባዬ'ኮ በመጨረሻው ካርታ አይደለም የተበላው» አለች። «ገና ሲገባ ነው። ባገኘው ሁሉ ነው የሚገባው። ስንት ዓመት ሙሉ ዕድሉ ነው እያልን ስናለቅስ…» ዳቦውን አስቀመጠች። እሱም በቅባት የወየቡ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገና እጇን ያዛት። እጇን ሲይዛት የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌ መላክ ሳያስፈልግ ራሱ ቤት መጥቶ አባቷን ጠየቃቸው። አባቷ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልጄን ካላስከፋህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ስልኬ እንደኔው አርጅቶ እየተንቀራፈፈ ነው፤ ከሄድክ አይቀር ይዘኸው ሂድ» ብለው አሳቁት። ያን ቀን ጠጋኙ ቀለበት አደረገላት፤ እሷም በዚያው ሰሞን ለአባቷ የማንበቢያ መነጽር ሠራችላቸው። «ስልኩ ላይ ጋዜጣ ማንበብ አቃተኝ» ብለዋት ነበር፤ አባቷ ማንበብ ጀመሩ ብላ ደስ ብሏት መስታወቱን እየሳሳች ነው የሞረደችው።

ከዚያ በኋላ ግን ጠጋኙ ተለወጠ።

የምሳ ሰዓቱ ቀረ። «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል። ፖከሩስ ስትለው «ለጊዜው አቁሜዋለሁ» ይላል፤ ይህን ሲል ዓይኑ ጫማዋ ላይ ነው። ሲሸኛት ቀልዱ የለም። አንዳንዴ ሊናገር አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። እሷ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ያደገችበት ዝምታ ነው። 

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘጋችና ስልኳ ላይ ፖከሩን ከፈተች። ሳይጫወቱ ጠረጴዛዎቹን ቆሞ ማየት ይቻላል። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ እሱን የመሰለ አልነበረም። እፎይ አለች። ግን ሳታስበው ጣቷ ብዙ ብር የሚያዝበት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

«ታጋሽ ነኝ» የሚባል ተጫዋች አለ። ከመጀመሪያው ወንበር ይጥላል፣ ይጥላል፣ ይጥላል። መጨረሻው ወንበር ሲደርሰው ይዳፈራል። ሲጨምር ምን ያህል ጨመረ? ከሦስት እጥፍ ጥቂት ጎደል።  በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቃት ልክ ናት። እንደገና ጠበቀች። ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ወንበር ገባ፤ እስከ መጨረሻው ሄዶ ተበላ፤ ካርታውም ተገለጠ። አስና ስድስት፣ ዘራቸው የማይገጥም።

«ወይኔ» አለች ባዶ ክፍል ውስጥ። «ወይኔ እማዬን።»

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄደች። ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር። ትልቁ ጠረጴዛ ተከፍቷል፤ «ታጋሽ ነኝ» እየተጫወተ ነው። አሁን ትገባለች፣ ስልኩን እጁ ላይ ታገኘዋለች፣ ቀለበቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ በቃ። እንዲህ እያሰበች ነው በሩን የገፋችው።

ጠጋኙ አምፖሉ ሥር አጎንብሷል። በአንድ እጁ ወረንጦ፣ በሌላው መበየጃ ይዞ የተከፈተ ስልክ ሆድ ውስጥ ገብቷል። የራሱ ስልክ ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እሷ ወደ ስልኳ አየች። «ታጋሽ ነኝ» በዚያች ቅጽበት ጨመረ። ከሦስት እጥፍ ጥቂት ጎደል።

ወደ እጆቹ አየች። ወደ ስልኳ አየች። ወደ እጆቹ አየች።

«አንተ አይደለህም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምጽ መሰላት።

እሱ ቀና አለ። ስልኳ ላይ ያለውን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ወረንጦውን አስቀመጠ።

«አንተ ካልሆንክ ማነው? የኛን ልክ ለማን ነው ያስተማርከው?»

ዓይኑን ወደ ጫማዋ መለሰ።

«እለምንሃለሁ። ቢያንስ አንተ አትደብቀኝ።»

«አባትሽ ናቸው» አለ።

ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ዘፍ አለች። እሱ ተንበርክኮ እየተንተባተበ ነገራት። የሽማግሌውን ስልክ ሲከፍት ጨዋታውን አገኘው። አባቷም እግሩ ላይ ወደቁ፤ «ለልጄ ብትነግራት ያን ቀን እሞታለሁ» አሉት። ተው ቢላቸው አልቻሉም። ታዲያ እሱ ምን አሰበ? ካልተዉ ቢያንስ እንዳይጎዱ ብሎ ሠንጠረዡንም ያችን ልክም አስተማራቸው። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ እንዲቆዩ አስማላቸው። ሁሉንም በደንብ ያዙ፤ አስ መጣል ግን አቃታቸው። ትምህርቱ ልብ ሰጣቸውና ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ወጡ። አሁን የጡረታቸው ገንዘብ እዚያ እየቀለጠ ነው።

«አስተማርከው?» አለች። «ገደል አፋፍ ላይ ላለ ሰው መሮጥ አስተማርከው?»

«ልረዳቸው መስሎኝ ነው። ሞኝ ነኝ።»

«ሞኝነትህ አይደለም ያስፈራኝ። ሰሞኑን ጫማዬን እያየህ 'ሥራ በዝቶብኛል' ስትለኝ አባዬን ነበር የምትመስለው።»

ይህን ስትለው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልተከላከለም። እሷም አላቀፈችውም። ወጥታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ናቸው። እሷ የሠራችላቸውን መነጽር አድርገዋል። ሲያዩዋት ስልኩን ብርድ ልብሱ ሥር ሊደብቁ ሞከሩ፤ ግን ዘገዩ። መስታወቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ካርታዎች አብረቀረቁ። የሚያዩበትን ዓይን የሠራሁላቸው እኔው ነኝ፣ ብላ አሰበች። ልትጮህ ነበር የመጣችው። ግን አባቷ እንደዚያ ትንሽ ሆነው አይታቸው አታውቅም ነበር። ከሷ ይበልጥ የሚፈራ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቀችው።

አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ምን ያዝክ አባዬ?»

አባቷ ስልኩን ብቻ ዘነበል አደረጉላት። የመጀመሪያ ወንበር። አስና አራት፣ ዘራቸው የማይገጥም። የውሳኔው ሰዓት እየቆጠረ ነው።

«ጣለው።»

«አስ እኮ ነው፣ ልጄ…»

«አውቃለሁ። ጣለው።»

ጣታቸው ወደ መጣያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ግንባራቸው በላብ ራሰ። እሷ አልነካቻቸውም። እንዲጥሉት ብቻ እየለመነች ጠበቀች። ሰዓቱ አለቀ። ስልኩ ራሱ ካርታውን ጣለው። አባቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ይሄ እኮ በፈለግህ ሰዓት ተነስተህ የምትሄድበት ጨዋታ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማንም አያስርህም። ለምን አልተነሳህም?»

«ተነስቼ ወዴት ልሂድ?» አሉ። «እናትሽ ሄደች። አሁን አንቺም ልትሄጂ ነው። ቤቱ ጭር ሲል እፈራለሁ፣ ልጄ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ተራህ ነው የሚለኝ አለ።»

አንጀቷን በሉት። ይህን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ እሷ የአባቷን ዝምታ ስትሰልል ኖረች እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል ብላ አንድ ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። አቀፈቻቸው። ሁለቱም እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ ኮታቸውን አመጣችላቸውና «ና እንሂድ» አለቻቸው።

ጠጋኙ ሱቁን አልዘጋም ነበር፤ ሥራም አልሠራም። መብራቱን እያየ ፈዝዞ ተቀምጧል። አባትና ልጅ ተያይዘው ሲገቡ ብድግ አለ። አባቷ ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ይህን ነገር አውጣልኝ» አሉት። «ዳግም እንዳልመለስም ዝጋብኝ። እሷ እያየች አድርገው። ለሷ አትንገራት ያልኩህ ቃል ተሽሯል፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሸክም ጭኜብሃለሁና ይቅር በለኝ።»

ጠጋኙ የሽማግሌውን ስልክ አነሳ። ከዚያ ሳይጠየቅ የራሱንም ከመደርደሪያው አውርዶ አጠገቡ አደረገው።

«ለኔ ብለህ አትተው ብዬህ ነበር» አለችው።

«ላንቺ ብዬ አይደለም። እኔ እየተጫወትኩ አባባን ተዉ ለማለት አፍ የለኝም።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ እኔም ብቻዬን ነው የምውለው። ጠዋት ጠዋት ወደዚህ ይምጡ፤ ደንበኛ ያነጋግሩልኛል። አፍ እንደሆነ ከኔ ይብሳሉ።»

አባቷ በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባንኮኒውን ተደግፋ ጠጋኙን አየችው። እሱም አያት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ተያይተዋል፤ እንዲህ ፈርተው ግን አያውቁም።

«አሁን ምን ትፈራለህ?» አለችው። «ሳትደብቅ ንገረኝ።»

«ሳታገቢኝ እንዳትቀሪ።»

«እኔ ደግሞ የምፈራው አንተን ማግባቱን ነው። ነገ ሌላ ነገር ብትደብቀኝስ ብዬ እፈራለሁ። አባዬ ተመልሶ ቢገባበትስ ብዬ እፈራለሁ። ያላለቀ ፍርሃት አለብኝ፤ የሚያልቅም አይመስለኝም።»

 አባቷ ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ።

«ታዲያ?» አለ ጠጋኙ በመከራ።

«ታዲያማ» አለች፤ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ይዛ፣ «እየፈራሁ አገባሃለሁ።»